ለመብሳት አንድ ደቂቃ፣ ለመዳን ሁለት ወር!

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ጆሮ ነው። ‹‹ጆሮ ደግሞ ምን ወሬ አለው?›› እንዳትሉኝ! እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የግራ ጆሮዬን ከሻሽ ሥር ደብቄ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ እንኳ በደንብ ያየው ከተጋባን በኋላ ነው። የደበቅሁት ነገር እኔን ብቻ ጎድቶ ቢቀር ምንም አልነበረም። ጦሱ ግን ለልጄ ተረፈ። ‹‹በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም›› ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ የገባኝ ግን ልጄ በሻደይ ሰሞን ሌሊት በትኩሳት ስትቃጠል ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

የአያቴ መርፌና ክር

ተወልጄ ያደግሁት በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ጆሮዋን ሳትበሳ ከፍ ካለች እናቷ ትወቀሳለች። እኔ የተበሳሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሲሆን፣ የበሳችኝም አያቴ ናት። ጓንት የለ፣ አልኮል የለ… አንድ መርፌ፣ ድርብ የጥጥ ክርና ትንሽ ለጋ ቅቤ፤ በቃ! መርፌዋን ነበልባል ላይ ያዝ አደረገቻት፤ ጆሮዬን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አደነዘዘችውና ‹‹ያቺን ፍየል እያት!›› አለችኝ። እኔ ፍየሏን ሳይ መርፌዋ አልፋ ነበር። ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ተወችና ጫፍና ጫፉን ቋጠረችው። ቁስሉ ጠገግ ሲል ክሩ ይወጣል፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን ቁራጭ ስንደዶ ይገባበታል። ጉትቻ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

አያቴ ኽምጣኛና አማርኛ ቀላቅላ የምትናገር፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ነበረች። ያን ዕለት የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹‹እጅሽን ከጆሮሽ አንሺ! ካልነካሽው በጊዜው ይሄዳል።››

ቀኙን አልነካሁትም፤ ዳነ። ግራውን ግን ምን እንዳሳከከኝ እንጃ… ፍየል ስጠብቅ ክሩን እጎትታለሁ፣ ቅርፊቱን እልጣለሁ፣ ማታ በዚያው ጎን እተኛለሁ። መግል ያዘ። አንዷ ጎረቤት አመድ ነሰነሰችበት፣ ሌላዋ ቅጠል ጨምቃ አፈሰሰችበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲደርቅ ‹‹ተገላገልሁ›› አልኩ። ምን ዋጋ አለው! ከወራት በኋላ ምስር የምታክል ጉብ ያለች ነገር በቀለች፤ ምስሯ ሽምብራ ሆነች፣ ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። አታመኝም፣ ግን ታሳክከኛለች። የእረኛ ልጆች የሰጡኝን ስም እዚህ አልጽፈውም። ሻሽ ማሰር የጀመርኩት ያኔ ነው።

‹‹እማ፣ ካልተበሳሁ ሻደይ አልወጣም!››

ሻደይን የማታውቁ አትጠፉምና ላስረዳችሁ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ድረስ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ የሚባለው የዚሁ በዓል ወንድም ነው። ሴት ልጅ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ሳምንት ነው፤ ሹሩባው፣ ኩሉ፣ ድሪው፣ አልቦው፣ ጉትቻው ሁሉ ለዚያ ሳምንት ነው። ጆሮዋ ባዶ የሆነ ልጅ በዚያ ሰሞን የምታልፈውን ያለፈባት ታውቀዋለች።

የእኔዋ ልጅ ካቻምና 13 ዓመቷ ነበር። ሳትበሳ እዚያ ዕድሜ የደረሰችው በእኔ ምክንያት ነው። ‹‹ከርሞ፣ ከርሞ›› እያልኩ አቆየኋት፤ ለምን እንደማቆያት ግን ነግሬያት አላውቅም። ነሐሴ እንደገባ እግሬ ሥር ተጠቀለለች፦ ‹‹እማ፣ ዘንድሮ ካልተበሳሁ ሻደይ አልወጣም፤ ቤት ዘግቼ ነው የምቀመጠው!›› የእናት ሆድ መቼም… ነሐሴ 4 ቀን እጇን ይዤ ከተማው ውስጥ ካለ የሴቶች ጸጉር ቤት ወሰድኳት።

ጸጉር ቤቷ ያለችው ልጅ ጆሮ መብሻ ሽጉጥ የሚሉትን አወጣች። ‹‹ጧ!›› ቀኝ፣ ‹‹ጧ!›› ግራ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ‹‹በሳምንት ይድናል፣ ለሻደይ ትደርሳለች›› አለችን። በቤተሰባችን ጠባሳ የሚያብጥበት ሰው እንዳለ አልጠየቀችንም። እኔም ሻሼን አጥብቄ እዚያው አጠገቧ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም!

ዶክተሯ እኔ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን በራሴ ዶክተር አድርጌ ሾምኩ። ያደረግሁትን ስነግራችሁ ከእናንተ ውስጥ ‹‹እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ›› የምትል እንደማትጠፋ አውቃለሁ፤ የምጽፈውም ለእሷ ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ አልኮል በጥጥ ነክሬ አሸዋለሁ። ልጄ ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች፤ እኔ ‹‹ካላቃጠለ አያድንም›› እላታለሁ። ‹‹እንዳይጣበቅ›› እያልኩ ጠዋትና ማታ ጉትቻውን አሽከረክረዋለሁ። ትንሽ ቀላ ሲልብኝ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ዱቄቱ ደርቆ ሲለጠፍ ደግሞ ለማለስለስ ቫዝሊን ቀባሁበት።

ይሄ ሁሉ አልበቃኝም። በዘጠነኛው ቀን ያቺን ትንሽ ጉትቻ አውጥቼ የአያቴን የብር ጉትቻ በግድ አስገባሁላት። ድሮ በደጋው አገር የብር ጌጥ የሚሠራው ማርትሬዛ ብር እየቀለጠ ነበር፤ የእኛም ጉትቻ ከማርትሬዛ የወጣ ነው ይባላል። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ብሩም ንጹሕ ብር ሳይሆን መዳብ የተቀላቀለበት ነው፤ ከመቶ 83 ያህሉ ነው ብር የሆነው። እኔ ይህን መቼ አሰብኩ? የታየኝ አያቴ ናት፤ ‹‹ለሻደይ ትልመደው›› አልኩና አንጠለጠልኩላት። ጥቂት ደም ወጣ። ‹‹ምንም አይደል›› አልን፤ እኔም እሷም።

በዋዜማው ሹሩባ ተሠራች፤ በሹሩባው ላይ ቅቤ ተቀባች። ፀሐይ ሲመታት ቅቤው እየቀለጠ ከጸጉሯ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። በነሐሴ ጭቃና ዝንብ ላይ ቅቤ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት! ልጅቷ ግን ሦስት ቀን ጨፈረች። የግራ ጆሮዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነበር የምትጨፍረው። እኔ ጌጥ ልማድ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እሷም እንደ እናቷ መደበቅ ተምራለች።

የነሐሴ 18 ሌሊት

ነሐሴ 18 ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ልጄ ስታቃስት ሰማሁ። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። የእጅ ባትሪ አብርቼ ጆሮዋን ሳየው… ምን ልበላችሁ! የግራ ጆሮዋ ታችኛው ጫፍ አብጦ ጉትቻው ሥጋ ውስጥ ሰምጧል፤ አረንጓዴ ቢጫ መግል በአንገቷ ላይ ይወርዳል፤ ከጆሮዋ ሥር ደግሞ ንፍፊት ወጥቷል። ‹‹መቼ ጀመረሽ?›› ስላት ‹‹ጉትቻውን ያስገባሽልኝ ዕለት›› አለችኝ። ‹‹ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?›› ‹‹ብነግርሽ ሻደይ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ነዋ!››

እስኪነጋ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ገና ሳይነጋጋ ጤና ጣቢያ ደረስን። የተቀበለችን ሲስተር ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ልጄን አረጋግታ፣ ያበጠውን አደንዝዛ ጉትቻውን አወጣች፤ መግሉን አጸዳች፤ የሚዋጥ መድኃኒት ከሐኪም አሳዘዘች። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን ጠየቀችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

‹‹በምን ነበር የምታጥቢው እህቴ?››

ነገርኳት። አልኮሉን፣ ማሽከርከሩን፣ ካፕሱሉን፣ ቫዝሊኑን፣ የአያቴን ጉትቻ። አልተቆጣችኝም። ‹‹ይሄ ሁሉ መድኃኒት ከምንም በላይ የጎዳት ነው። ይህ ጆሮ በመጀመሪያው ቀን ብትተዪው ኖሮ በራሱ ይድን ነበር›› አለችኝ። አያቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝን ከስንት ዓመት በኋላ ነጭ ጋውን ከለበሰች ሴት ሰማሁት!

ቀጥላ ደግሞ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ‹‹በቤተሰብ ውስጥ ቁስል ሲድን ጉብ ብሎ የሚያድግበት ሰው አለ?››

ዝም አልኩ። ልጄ ግን በዚያ ሁሉ ሕመሟ ውስጥ ሆና ‹‹እማም አላት›› አለች። ለካስ ስተኛ እያየችው ነው የኖረችው! እሳት ያቃጠለኝ መስሏት ኖሯል፤ እንዳታሳዝነኝ ብላ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እዚያው አልጋው አጠገብ ሻሼን ፈታሁ።

ሲስተሯ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና ‹‹ኬሎይድ ነው። በዘር የሚሄድ ነገር ነው፤ እናት ካላት ለልጅም ዕድሏ ከፍ ይላል። መግል የያዘ፣ የተጎተተ ቁስል ላይ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ይሄን ማወቅ ነበረባት›› አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

የጭቃ ቤት ምርጊት

‹‹ለምን በሳምንት አይድንም?›› ብዬ ጠየቅኋት። ሲስተሯ ጥሩ አድርጋ አስረዳችኝ። አዲስ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ታውቃላችሁ? በሦስተኛው ቀን በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ጣት ቢገፋበት ግን ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የተበሳ ጆሮም እንደዚያው ነው። አዲሱ ቆዳ ከፊትና ከኋላ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ መሐል ያድጋል። ከውጭ ስናየው ‹‹ድኗል›› እንላለን፤ መሐሉ ግን ገና ክፍት ቁስል ነው። በዚያ ሰዓት ጉትቻ ማውጣትና መቀየር አዲሱን ቆዳ መግፈፍ ነው።

ለስላሳው የጆሮ ጫፍ በትክክል እስኪድን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። እኔ የሰጠኋት 12 ቀን ነበር፤ ለዚያውም በዘጠነኛው ቀን ግድግዳውን በጣቴ ገፋሁት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

የሚደረገው እንዲህ ነው

ቀኝ ጆሮዋ ግን ገና አልተበላሸም ነበር። ሲስተሯ በቀኙ የከበደውን ጉትቻ አውጥታ ቀላሏን መለሰችበትና ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ነገረችኝ። እኔም እንደ መምህር ቃል በደብተር ጻፍኩት፤ ቀኙ ጆሮ በሰባተኛው ሳምንት ልቅም ብሎ ዳነ። እናንተም ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

1. መጀመሪያ እጅ! ጆሮውን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ። ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም። ያልታጠበ እጅ፣ የእናትም ቢሆን፣ ጆሮ አይነካም።

2. የጨው ውሃ። ፋርማሲ የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን ከተገኘ ሁሉንም ይበልጣል፤ ጨውነቱ ከመቶ 0.9 ነው። ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ትልቅ ብርጭቆ (ሩብ ሊትር) ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨው መበጥበጥ። ‹‹ጨው ሲበዛ ያድናል›› ብላችሁ አታብዙት፤ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። ሰቆጣ በድሮ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚያልፍባቸው ገበያዎች አንዷ ነበረችና እኛ አገር ጨው አይታጣም፤ አሸዋና አፈር የያዘውን ግን ለወጥ እንጂ ለቁስል አታውሉት።

3. በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ንጹሕ ጎዝ በጨው ውሃ ነክሮ ከፊትም ከኋላም ለጥቂት ደቂቃ ያዝ ማድረግ። ቅርፊቱ ሲረጥብ በራሱ ይለቃል፤ በጥፍር አይላጥም። ጥጥ ክሩ ጉትቻው ላይ ስለሚጠመጠም ጎዝ ይሻላል። ከዚያ በንጹሕ ነገር አድርቆ መተው።

4. አታሽከርክሩት! ‹‹ይጣበቃል›› የሚባለው የቆየ ነገር ነው። ማሽከርከር የደረቀውን ቅርፊት ወደ ውስጥ እያስገባ አዲሱን ቆዳ ይቀዳል።

5. አልኮል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ የካፕሱል ዱቄት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ አመድ… ሁሉም ይቅር። አልኮል ጀርሙን ሲገድል የሚያድነውንም ሥጋ ይገድላል። ካፕሱል ለመዋጥ እንጂ ለመነስነስ አልተሠራም። የዋግ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ለቁስል የሚሆነው ማር ግን ለብቻው የተዘጋጀ ነው። የገበያውን ለቁርስና ለጠጅ ተዉት።

6. ቀላል ጉትቻ። ለቁስል የሚሻለው ቲታኒየም፣ የሕክምና ብረት ወይም 14 ካራትና ከዚያ በላይ ወርቅ ነው። ርካሽ ጌጥ ውስጥ ያለው ኒኬል የተባለ ማዕድን ብዙ ሰው ያሳክካል፣ ያቆስላል። ብርም አዲስ ቁስል ውስጥ ስለሚጠቁር ይቆይ። የጉትቻው የኋላ መያዣ ቆዳው ላይ አይጥበቅ፤ ለእብጠት ቦታ ይተውለት።

7. ጸጉርና ልብስ። ሹሩባው ከጆሮ ራቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ቅቤ የሚቀባ ከሆነ እስኪድን ይቆይ። የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፤ ልጅቷ በጀርባዋ ወይም ባልቆሰለው ጎን ትተኛ። የነጠላ ጥለትና ሻሽ ጉትቻውን እንዳይጎትቱ። ሞባይል ስልክም በዚያ ጆሮ አይያዝ።

8. ወንዝና ኩሬ አይገባም። ጠበል የምትጠመቅ ከሆነች ቤት ስትመለስ ጆሮዋን በጨው ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ ይሄ እምነትን የሚነካ ነገር የለውም።

9. ወቅቱን ምረጡ። ለሻደይ የምታስቡ እናቶች ልጃችሁን ነሐሴ ላይ ሳይሆን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብሱ። ጭቃው ደርቋል፣ ዝንቡ ቀንሷል፣ ጊዜውም ሰፊ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ መቅላት፣ ትንሽ እብጠት፣ ትንሽ ማሳከክ፣ ደግሞም ጠርቶ ቢጫ የሚል ውኃ ወጥቶ መድረቁ ያለ ነው፤ አትደንግጡ። መግሉ ከወፈረና ከሸተተ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ፣ ጆሮው ከተፋጀ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጉትቻው ከሰመጠ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም! ሰቆጣ ላይ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በየወረዳውም ጤና ጣቢያ አለ። በራሳችሁ ጉትቻውን አትንቀሉት፤ አፉ ሲዘጋ መግሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ባለሙያ ይወስን።

ስለ መርፌውም አንድ ነገር

በእኛ ልጅነት አንዲት መርፌ ስንት ጆሮ በሳች! ኤችአይቪ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ምላጭና መርፌ ያልተነገረን የለም። የጉበት ቫይረስ የሚባለው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ እንኳ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ክትባቱ ለሕፃናት ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። መርፌን በክብሪት ነበልባል ላይ ያዝ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም። ከመሸጊያው አዲስ የወጣ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል መርፌ ይሁን። ሽጉጡም ቢሆን ብዙው በፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በሚገባ በእንፋሎት አይቀቀልም፤ ጫፉ ያልሾለውን ጉትቻ በኃይል ስለሚያስገባም ሥጋውን ይቀጠቅጠዋል።

የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ደግሞ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን በማስወገድ ዕውቅና አግኝታለች፤ ጀርሙ ግን ከአፈር አልጠፋም። አመድና አፈር ቁስል ላይ ለምን እንደማይነሰነስ አሁን ገባችሁ አይደል?

አፍንጫና እምብርት ለምትሉ

የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ልጆች በጆሮ ጫፍ ብቻ አልቆማችሁም፤ የጆሮ ላይኛው ክፍል፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ እምብርት… አልኮንናችሁም። የሰው ልጅ ገላውን የበሳው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አውሮፓ ውስጥ ከአልፕስ ተራራ በረዶ ሥር የተገኘው ከ5 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ሰውዬ ጆሮው የተበሳ ነበር። ኦሪት ዘጸአትም የሴቶቹንና የልጆቹን የወርቅ ጉትቻ ያነሣል። የደቡብ ኦሞዎቹ ሙርሲዎችም የሴት ልጅን ከንፈር ሲበሱ መጀመሪያ ትንሽ እንጨት አስገብተው ቁስሉ እስኪድን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እያሰፉ ነው ወደ ትልቁ የሚሄዱት። በአንድ ሳምንት ትልቁን ሸክላ የሚያስገባ የለም!

እናንተም ጊዜውን ዕወቁ፦ አፍንጫ ከ2 እስከ 4 ወር፣ ምላስ ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ የጆሮ ላይኛው ጠንካራ ክፍል ከ4 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ እምብርት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል። የጆሮው ጠንካራ ክፍል የደም ሥር ስለማይበዛበት መግል ከያዘ የጆሮ ቅርጽ ያበላሻል፤ ለዚያ ቤት የተረፈ ካፕሱል አይደርስለትም፣ ፈጥኖ ሐኪም ነው። እዚያ ቦታ ላይ በሽጉጥ ፈጽሞ አትበሱ።

ደግሞ ሁሉም ጉብታ ኬሎይድ አይደለም። ጉትቻው ሲነካካ የሚወጣ ትንሽ ቀይ ጉብታ ሲተዉት ይጠፋል። ኬሎይድ ግን ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ ይጀምርና ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያድጋል። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ፣ በተለይም በወጣትነት፣ ይበዛል። ‹‹ቆርጬ ልጣለው›› አትበሉ፤ ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ እንዲያውም ገዝፎ። የቆዳ ሐኪም እላዩ ላይ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት አለ። ገና ትንሽ ሳለ ሲታይ ነው የሚሻለው።

የዘንድሮው ሻደይ

የልጄ ግራ ጆሮ ቀዳዳው ተደፈነ። በአራተኛው ወር ምስር የምታክል ጠንከር ያለች ነገር አገኘሁበት። በዚህ ጊዜ ግን አልደበቅንም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም አሳየናት፣ መርፌው ተጀመረላት፣ ምስሯ ሽምብራ ሳትሆን ቆመች። ‹‹ግራውን ድጋሚ መብሳት ይቅርባት›› ተባልን። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ‹‹እሺ›› አለች።

ዘንድሮ ሻደይ ሲደርስ የአያቴን ጉትቻ ከሣጥን አወጣሁት። እጄ ላይ ይዤው ትንሽ ቆየሁ። ልጄ ነች መላውን ያመጣችው፦ ‹‹እማ፣ ለምን ከሹሩባዬ ላይ በክር አታስሪልኝም?›› በግራና በቀኝ ከሹሩባዋ ጋር አሰርኩላት፤ ክብደቱን ጸጉሯ ተሸከመው። ከሩቅ ላየ ሰው ከጆሮዋ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው።

ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ ዘወር አለችና አየችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ሻሼን እያጠበቅሁ ነበር። ‹‹አንቺስ?›› አለችኝ። ‹‹እኔ ምን?›› ‹‹ሻሹን ወደኋላ አድርጊው እንጂ!›› እጇን ዘርግታ ራሷ ከጆሮዬ ኋላ አሰረችልኝ። ያን ቀን ጆሮዬን ስንት ሰው እንዳየው አላውቅም፤ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሴት ልጇን ልታስበሳ የምታስብ ጎረቤቴ። ቁጭ አድርጌ ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ልጇን ኅዳር ላይ ልታስበሳ ተስማማን።